የበሽተኛው መንገድ፤ ስለ እንጦጦ ጠበልተኞች በተጻፈው ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ እንጦጦ ጠበል ብዙ ተጽፏል። በተለይም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይጎርፉ በነበረበት ጊዜ የውጭ አገር ጋዜጠኛም፥ የአገር ውስጥ ጸሐፊም፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ወደ ተራራው እየወጣ ያየውን ጽፏል። ጽሑፎቹ በአሳባቸው ይለያያሉ፤ አንዱ እምነትን ያወድሳል፥ ሌላው ድንቁርናን ይነቅፋል፥ ሦስተኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ይጥራል። በአንድ ነገር ግን አብዛኞቹ አንድ ናቸው፤ ይኸውም በሽተኛውን የሚያገኙት ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። በሽተኛው ነጭ ነጠላውን ለብሶ፥ በጠዋቱ ብርድ እየተንቀጠቀጠ፥ ተራውን ሲጠብቅ ያገኙታል። ምን ታምናለህ? ብለው ይጠይቁታል። በምን መጣህ? ማን አመጣህ? ስንት ቀን ፈጀብህ? በምንስ ትመለሳለህ? የሚሉት ጥያቄዎች ግን ወይ ጨርሶ አይነሡም፥ ወይም «ከሩቅ አገር የመጣ» በሚሉ ሦስት ቃላት ይታለፋሉ።

ይህ ሒስ በጸሐፊዎቹ ቅንነት ላይ የቀረበ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ከታሪኩ ሲወጣ ፍርዱም አብሮ ይጣመማል ብዬ ስለማምን፥ ይህን በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለማን እንደምንናገር ይታወቅ። ሐኪሞቻችን በዕለት ንግግራቸው አስቸኳይ ያልሆነውን በሽተኛ «ኮልድ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ደም የሚፈሰው፥ ምጥ የጸናባት፥ መኪና የገጨው ሰው ትኩስ ነውና አምቡላንስ ይጠራለታል። ኩላሊቱ ቀስ በቀስ የደከመ፥ ዕጢው የሚያድግበት፥ ሳምባው የቆሰለ፥ ዓይኑ የጨለመበት፥ አእምሮው የታወከበት ሰው ግን ዛሬም ቢሄድ ነገም ቢሄድ አንድ ነው ተብሎ ስለሚገመት እንደ ቀዝቃዛ ይቈጠራል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሂድ የሚል ወረቀት ይጻፍለታል፤ ወረቀቱ ላይ የሆስፒታሉ ስም፥ የበሽታው ስም፥ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም አለበት። ሦስት መቶ ወይም ስድስት መቶ ኪሎ ሜትሩን የሚያቋርጥበት ግን የለበትም። አገራችን ውስጥ ስለ አምቡላንስ እጥረት ብዙ ይነገራል፥ መነገሩም ተገቢ ነው። ቢሆንም አምቡላንስ ለማይጠራለት ለዚህ በሽተኛ የሚቈረቈር ክርክር እምብዛም አይሰማም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የዚህ ዓይነቱ በሽተኛ ጕዞ በጕልህ የሚታየው፥ ፎቶግራፉ በመኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ ገንዘብ ሲለመንለት ብቻ ነው። ያውም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ለሚሄደው እንጂ ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣው አይደለም።

እንጦጦን ለዚህ ጥያቄ የመረጥኩት አለ ምክንያት አይደለም። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍ ያለ፥ ለጤነኛም እግር የሚከብድ ዳገት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን እዚህ ቈርቍረው ሳለ፥ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ብርዱን ሽሽት፥ ሕመማቸውንም ለማስታገሥ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ እንደ ነበር፥ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አድርገው ቦታውን አዲስ አበባ እንዳሰኙት በታሪክ የታወቀ ነው። እንግዲህ ዋና ከተማችን ራሷ ለመታከም ተብሎ ከተደረገ ጕዞ የተወለደች ናት ለማለት ይቻላል። መኳንንቱ በበቅሎ ወርደው፥ ድንኳን ተተክሎላቸው፥ አሽከር ተከትሏቸው ነበር። ዛሬ መንገዱ በተቃራኒው ነው፤ በሽተኛው ከቈላው ወደ ተራራው ይወጣል፥ ድንኳኑም አሽከሩም የሉም።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከጎጃም የሚመጣ ሰው ነው እንበል። ቤቱ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። መራመድ ካልቻለ በቃሬዛ ይወጣል። ቃሬዛ ማለት ሁለት አጣና፥ በመካከሉ ገመድ ወይም ጠፍር፥ በላዩ ጋቢ ነው። አራት ሰው ይሸከመዋል፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ለአንድ በሽተኛ ቢያንስ ስምንት፥ ዳገት ከሆነ ከዐሥራ ሁለት የማያንስ ጕልማሳ ይፈለጋል። በወሎና በሰሜን ሸዋ ቅሬ የሚባለው ማኅበር፥ ምንም እንኳ ዋናው ሥራው ቀብር ቢሆን፥ የታመመውንም እስከ መኪና ማድረስ በብዙ ስፍራ ግዴታው ነው። ለቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ለዚህም የቀረ ይወቀሳል ወይም ይቀጣል። መንግሥት በ2000ዎቹ ዓመታት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍል፥ የጤና ባለ ሙያዎቹ ይህንኑ ቃሬዛ «ባህላዊ አምቡላንስ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። የወረዳው አምቡላንስ በመጀመሪያ የታሰበው ለወላድ እናቶች ነው። ቃሬዛው ነፍሰ ጡሯን ተሸክሞ መንገድ ዳር ሲደርስ መኪና ሊጠብቃት ይችላል። ሳምባው የታመመውን ሰው ተሸክሞ ሲደርስ ግን የሚጠብቀው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ አለ። በግ ወይም በሬ ይሸጣል፥ ወይም ከዕቍብና ከዘመድ ይበደራል። አስታማሚ ይመረጣል፤ ይህም ቀላል አይደለም። አስታማሚው ከተማ የሚያውቅ፥ ማንበብ የሚችል፥ በእርሻ ወቅት ቢጠፋ ቤቱን የማይጐዳ ሰው መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ወንድም ወይም አጎት ይለመናል። ስንቅ ይዘጋጃል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ፥ ጥቂት ብርም በመቀነት ይቋጠራል። ከዚያ አውቶቡስ። መቀመጥ ያልቻለ በሽተኛ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ቦታ መግዛት አለበት፤ ረዳቱም በመንገድ ይሞትብኛል ብሎ ላያሳፍረው ይችላል። የሚያስለው ሰው የተሳፈረበት አውቶቡስ ደግሞ፥ ሁላችንም እንደምናውቀው፥ ነፋስ ይገባል ተብሎ መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ ነው። የሳምባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በእንዲህ ያለ የታፈነ አየር ውስጥ ሆኖ ሳለ፥ በበሽታው የተያዘ ሰው ወደ ሐኪም የሚደርስበት መንገድ ከዚህ ሌላ አለመኖሩ ሊያሳስበን የሚገባ ነገር ነው።

አውቶቡሱ ከሱሉልታ በኩል የእንጦጦን ጥግ ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል። የጎጃም መንገድ የሚገባው በዚህ ነውና በሽተኛው የሚሄድበትን ተራራ በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። ወርዶ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ መርካቶ ውስጥ ነው። ከዚያ በታክሲ ወደ ፒያሳ፥ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ፥ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ላይ። የወረደውን ያህል መልሶ ይወጣል። ከአንድ ቀን ጕዞ በኋላ ይህ የመጨረሻው አጭር መንገድ ከሁሉ የሚያደክም መሆኑን ከአስታማሚዎች መስማት ይቻላል፤ ሻንጣ፥ ብርድ ልብስ፥ በሽተኛ፥ የማያውቁት ከተማ፥ አራት ጊዜ መሳፈርና መውረድ።

ከላይ ሲደርስ የሚያገኘውን ደግሞ በጥሞና እንመልከት፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሳቱት ይህን ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ በወር የሚከራዩ የጭቃ ቤቶች አሉ፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ይካፈሏቸዋል። ቀጠሮ የለም፤ የመጣ ሁሉ በመጣበት ቀን ማግስት ይጠመቃል። ቈይታው የታወቀ ነው፤ ሰባት፥ ዐሥራ አራት፥ ሃያ አንድ ቀን፥ ስለዚህ ስንቁን ልክ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። አስታማሚውም ከበሽተኛው ጋራ ይተኛል፥ ከበሽተኛው ጋራ ይጠመቃል፤ ውጣ ብሎ የሚያባርረው ዘበኛ የለም። ቀድሞ የመጣው ለኋለኛው ውሃ የት እንደሚቀዳ፥ እንጨት ስንት እንደሚሸጥ ይነግረዋል። በሆስፒታል ደጅ ያለውን ከዚህ ጋራ አስተያዩት። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው ይባላል፤ ወደ አገሩ ቢመለስ የመንገዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያልቅበታል፥ ቢቈይ የሚያድርበት የለውም። ጠበሉ ይፈውሳል ወይስ አይፈውስም የሚለውን ለጊዜው እንተወውና፥ ከሩቅ ለሚመጣ ድኻ ሰው ጕዞ የተሻለ የተሰናዳው የትኛው ነው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሐኪም ቤትን የሚያስደስት አይሆንም። ገበሬው ጠበልን የመረጠው ሳይንስን ስለ ጠላ ነው የሚለው አሳብ ይህን ሒሳብ አልሠራም።

የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጠበልተኞች መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል ተብሎ ተጽፏል፤ ጉዳዩም ከባድ ስለ ነበረ በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፥ ሁለቱንም አንድነት መውሰድ እንደሚገባ በግልጥ ተናገሩ። ይህ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ጽሑፎቹ የመድኃኒቱን መቋረጥ ሁሉ ለእምነት ይሰጡታል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚሰጠው በሽተኛው በተመዘገበበት ጤና ጣቢያ፥ በወር ወይም በሁለት ወር ልክ ተቈጥሮ ነበር። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተነሥቶ እንጦጦ ላይ ሦስት ወር የከረመ ሰው፥ የዝውውር ወረቀት ካላስጻፈ፥ ምንም ያህል ሊውጠው ቢፈልግ ክኒኑ ያልቅበት ነበር። ወረቀቱን ላስጽፍ ቢል ደግሞ ለጠበል መሄዱን ለጤና ሠራተኛው መናገር አለበት፤ ቍጣውን ይፈራል። እንግዲህ ከተቋረጡት መድኃኒቶች ምን ያህሉን ስብከት፥ ምን ያህሉን መንገድ አቋረጠው? ይህን ለይቶ ያልጠየቀ ጸሐፊ ካህኑን ብቻ ከሶ ወይም ካህኑን ብቻ አስታርቆ ይቀራል።

ይህን ስል የእንጦጦን ሥርዓት እንከን የለሽ ማድረጌ አይደለም። በጠባብ ክፍል የሚያስል ሰው ከሌላ የሰውነት መከላከያው ከደከመ ሰው ጋራ ይተኛል፤ ይህ ከአውቶቡሱ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። አእምሮው የታወከ በሽተኛ እንዳይጠፋ በሰንሰለት ሲታሰር ማየት በጠበል ቦታዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህንንም ዘመድ በጭካኔ ያደርገዋል ማለት ቀላል ነው፥ ግን አንድ አስታማሚ ብቻውን ሌት ተቀን እንዴት ይጠብቀዋል ብሎ መጠየቅም ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መመለሻ የለም። የሚያመጣ ዘመድ ይገኛል፤ ስንቁ ሲያልቅ ግን አስታማሚው ይመለሳል፥ በሽተኛው ይቀራል። እንጦጦ ላይና ከእንጦጦ በታች በሚለምኑት መካከል እንዲህ የቀሩ እንዳሉ የታወቀ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ፥ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ሲወጣ፥ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመ ሲሆን፥ ከመላው አገሪቱ የተላኩ በሽተኞች ለብዙ ዘመን መጠጊያቸው ነበር። ሁለቱ ተራራ ወጪዎች፥ ጠበልተኛውና ሳምባ በሽተኛው፥ በአንድ ሚኒባስ ይሳፈራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። በ2001 ዓ.ም. መድኃኒት የተላመደ የሳምባ ነቀርሳ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በዚህ ሆስፒታል ነው፤ ቀጥሎም ጎንደር ተጨመረ። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ከ18 እስከ 24 ወር የሚፈጅ፥ በመርፌና በብዙ ክኒን የሚሰጥ፥ ማቋረጥ ሞትን የሚያመጣበት ነበር። ሐኪሞቹና ረዳቶቻቸው ከመድኃኒቱ ጋራ የወር ቀለብ፥ ለቤት ኪራይና ለመጓጓዣ የሚሆን ርዳታ ይሰጡ ነበር። ከ600 በላይ በሽተኞች በዚህ መልክ ታክመው፥ ከ100 ወደ 79 የሚጠጉት ሕክምናቸውን በስኬት መጨረሳቸው በታተመው ውጤት ተገልጧል፤ ይህም በዓለም ከሚገኘው አማካይ የበለጠ ነበር። ይህን ውጤት የሚጠቅሱ ሰዎች ስለ መድኃኒቶቹ ዓይነት በሰፊው ይናገራሉ፤ የታክሲውንና የቤት ኪራዩን ብር ግን እንደ ምጽዋት ቈጥረው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን የሕክምናው ክፍል ነበር እላለሁ። ጠበሉ በልማድ ያገኘውን፥ ማለት ማደሪያና የታወቀ ቈይታ፥ ሆስፒታሉ በዕቅድ ሠራው፤ ሰዎቹም አልጠፉበትም።

በሌላ በሽታ ላይ ይኸው ነገር ሲታይ ጸሐፊዎች መንገዱን ሳይረሱት ቀርተዋል፥ ግን በሌላ መንገድ አበላሽተውታል። በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን የሚያሳየው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለው እ.ኤ.አ. የ2007 ፊልም ሴቶቹ ለሰዓታት በእግር ተጕዘው መኪና መንገድ ሲደርሱ፥ በአውቶቡስም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ያሳያል። ይህ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ በፊልሙ መንገዱ የብቸኝነት ምልክት ሆኗል፤ ሴቲቱ ከተጣለችበት ወደ ተቀበላት ስፍራ ትሄዳለች። አኒታ ሃኒግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ ብዙዎቹን ሴቶች ዘመዶቻቸው እንዳልጣሏቸው አሳይታለች። ለአውቶቡስ ማን ከፈለ? ልብሷ እየራሰ አጠገቧ ማን ተቀመጠ? ብሎ የጠየቀ ሰው ይህን ቶሎ ባወቀው ነበር። ሆስፒታሉ ራሱ ከዚህ ትምህርት ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ከተከፈተ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ከ2005 ጀምሮ በባሕር ዳር፥ ቀጥሎም በመቀሌ፥ በይርጋ ዓለም፥ በሐረርና በመቱ ማዕከሎች ከፍቶ መንገዱን አሳጥሯል።

ሐኪም ቤቱን ማቅረብ ነው እንጂ በሽተኛ ማመላለስ ምን ያደርጋል? የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። እውነትነት አለው። ሆኖም ለእያንዳንዱ አውራጃ የጨረር ሕክምና መሣሪያ የሚገዛ መንግሥት በዓለም የለም፤ በእኛም አገር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበረው፤ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ከነወላጆቻቸው የሚያሳድሩት እንደ ተስፋ አዲስ ያሉ የወላጆች ማኅበራት ናቸው። የጤና መድኑም ቢሆን፥ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየወረዳው እየተስፋፋ የመጣው የማኅበረ ሰቡ መድን፥ የሕክምናውን እንጂ የአውቶቡሱንና የማደሪያውን ወጪ አይሸፍንም። ከወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ግን እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ብልኅ ነገር አደረገ። ምጥ ሊያስቸግራቸው ይችላል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ ጐጆ ውስጥ እንዲቈዩ አደረገ። አስቸኳዩን ጕዞ አስቸኳይ ወዳልሆነ ጕዞ ለወጠው ማለት ነው። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተብሎ ይገኛል። ለኩላሊትና ለካንሰር በሽተኛ ግን እንዲህ አልተስፋፋም።

ቤተ ክርስቲያንስ? በፈረንሳይ አገር ሉርድ በምትባለው የጠበል ቦታ፥ እ.ኤ.አ. ከ1858 ወዲህ ሕሙማን ከየአገሩ ይሄዳሉ። እዚያ ያሉ ሰዎች የበሽተኛን ጕዞ ለዘመዱ ብቻ አልተዉትም። ለሕሙማን የተለየ ባቡር አዘጋጁ፤ በ1883 የሐኪሞች ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1885 ደግሞ በሽተኞችን ከባቡር የሚያወርድ፥ በቃሬዛና በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ውሃው የሚያደርስ፥ ወደ ባቡሩም የሚመልስ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተመሠረተ። የሚመልስ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በአሜሪካም ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች ሕክምና ሥርዓት አስቸኳይ ያልሆነውን በሽተኛ ወደ ሐኪም የማድረስ ግዴታ አለበት። እኛ ዘንድ ሰንበቴውና ማኅበሩ፥ ቅሬውና ዕድሩ ሞልተው ሳለ፥ ከአውቶቡስ ተራ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያለውን መንገድ የሚረከብ ማኅበር አለመታሰቡ ይደንቀኛል። የገጠሩ ቅሬ ሥራውን አስፋልት ላይ ይጨርሳል፤ የከተማው ዕድር ደግሞ አባሉን ብቻ ያውቃል።

በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንበተን በዚህ ጉዳይ ማስረጃ መሰብሰብ አያስቸግረንም። የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የየመንደራቸውን ልማድ መዝግበው ለእኛ አቈይተዋል፤ ጠበልንም ሆነ ሆስፒታልን ሳይለዩ፥ በመንደሩ ባለፈው ዓመት ለሕክምና ርቆ የሄደ ማን ነው፥ ማን ተሸከመው፥ ከብት ተሽጦ ነው ወይስ ተበድሮ፥ አስታማሚው ማን ነበር፥ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፥ ምንስ ይዞ ተመለሰ ብሎ በየቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ያልተመለሰም ካለ የት እንደ ቀረ ይጻፍ።